የድሮና የዘመኑ የሞቶክሮስ ምድቦች፦ የእኛ ሞተሮች የት ይመደቡ?

ጥያቄ፦ «ዲቲ 175 ከአራት ኪሎ»

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ በግብርና ልማት ሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜ ገጠር ለገጠር የተመላለሱበትን፣ በኋላም መሥሪያ ቤታቸው በጨረታ ሲያስወግደው የገዙትን ያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ሳይክል ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተረክቤ እየነዳሁ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ የምንኖር ወይም የምንሠራ አሥራ አንድ የሞተር ወዳጆች ነን። ስድስታችን እንደዚህ ያሉ፣ ቀድሞ የመስክ ሠራተኞች ይገለገሉባቸው የነበሩ የድሮ ሞተሮች አሉን፤ ሦስት ጓደኞቻችን ዘመናዊ ባለ 250 እና ባለ 450 ሲሲ የሞቶክሮስ (ጉብታና ጥምዝ ባለበት የአፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም) ሞተሮች አሏቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ቻይና ሠራሽ ባለ 200 ሲሲ ሞተር ይነዳሉ። በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ስለተደረገ፣ ሞተሮቻችንን በፒክአፕ ጭነን ከከተማው እንወጣለን፤ የምንነዳውም የአንድ ወዳጃችን ቤተሰብ አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ በሚፈቅድልን መሬት ላይ ነው።

ባለፈው ጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ለማድረግ ሞከርን። ሁላችንም በአንድ መስመር ተሰልፈን ተነሣን። በአራተኛው ዙር ላይ እኔ ትልቁን ጉብታ በዝግታ ስወጣ፣ ባለ 450ው ከኋላዬ መጥቶ በአየር ላይ አልፎ ደረበኝ። ማንም አልተጎዳም፤ ነገር ግን ያን ዕለት ማታ ፒያሳ ቡና ይዘን ስንነጋገር በዚህ መልክ መቀጠል እንደሌለብን ሁላችንም ተስማማን። ያልተስማማነው በአከፋፈሉ ነው። አንዳንዶቹ በሲሲ ብቻ እንከፋፈል ይላሉ፤ እንዲህ ከሆነ የእኔ ቱ ስትሮክ (በእያንዳንዱ ዙረት የሚያቃጥል ሞተር) ከቻይናዎቹ ፎር ስትሮኮች (በየሁለት ዙረት አንድ ጊዜ ከሚያቃጥሉት) ጋር ሊመደብ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ዕድሜ ብቻ ይታይና ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ «የድሮ» ይባል ይላሉ፤ በዚህ ስሌት ግን የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እውነተኛ የሞቶክሮስ ሞተር ከአጎቴ ዲቲ ጋር እኩል ሊሰለፍ ነው። በሌላው ዓለም የድሮዎቹና የዘመኑ ምድቦች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሆኑና ድንበራቸው በምን እንደሚሠመር የምታውቁ ብታስረዱን፣ ከአዝመራ በኋላ ለምናደርገው ሁለተኛ ውድድር ደንብ ለመጻፍ ይረዳናል።

መልስ 1፦ «ከናይሮቢ የተመለሰ»

ስለ ዘመኑ ምድቦች የማውቀውን ላካፍልዎ። ናይሮቢ ለስድስት ዓመት በሠራሁበት ጊዜ ብዙ እሑዶችን ያሳለፍኩት በጃምሁሪ ፓርክ የሞቶክሮስ ሜዳ ዳር ቆሜ ነው፤ ኬንያውያንና ኡጋንዳውያን ልጆቻቸውን ከባለ 50 ሲሲ ጀምረው እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚያሳድጉ ያየሁት እዚያ ነው።

በሲሲ ብቻ መከፋፈል በአንድ ወቅት ትክክል ነበር። የዓለም ሻምፒዮና በ1957 እ.ኤ.አ. በ500 ሲሲ ተጀመረ፤ በ1962 የ250፣ በ1975 ደግሞ የ125 ምድብ ተጨመረ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቱ ስትሮክ ሜዳውን ሁሉ ስለያዘ፣ አንድ ዓይነት ሞተሮች በሲሲ ሲነጻጸሩ ማንም አልተጎዳም። ነገሩን የለወጠው ያማሃ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ፎር ስትሮክ ነው። ዳግ ሄንሪ በ1997 ላስ ቬጋስ ላይ በመሞከሪያው ሞተር የሱፐርክሮስ (በስታዲየም ውስጥ የሚደረግ ሞቶክሮስ) ውድድር አሸነፈ፤ በማግሥቱ ዓመትም በዋይዜድ 400 ኤፍ የአሜሪካን የ250 ሲሲ የሜዳ ሻምፒዮና ወሰደ። ልብ ይበሉ፦ ባለ 400 ሲሲ ሞተር በ250 ምድብ ውስጥ የተፈቀደለት ፎር ስትሮክ በየሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያቃጥልና ከቱ ስትሮክ እኩል ጉልበት ለማውጣት ተጨማሪ መጠን ያስፈልገዋል ስለተባለ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለ 250 ፎር ስትሮክ ከባለ 125 ቱ ስትሮክ፣ ባለ 450 ፎር ስትሮክ ደግሞ ከባለ 250 ቱ ስትሮክ ጋር እንዲሰለፍ ሆነ።

ይህ ስሌት ለቱ ስትሮክ ፍትሐዊ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ቴክኖሎጂው በበሰለ ጊዜ ፎር ስትሮኩ የተሰጠው ተጨማሪ መጠን ትርፍ ጉልበትና ለመንዳት የሚመች ለስላሳ አነሣሥ ሰጠው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቱ ስትሮክ ከታላላቆቹ ውድድሮች ወጣ። በእርግጥ ነጂው የሞተሩን ልዩነት ሊሸፍን ይችላል፤ ሪኪ ካርማይክል በ2002 በቱ ስትሮክ ሆንዳ፣ በ2004 ደግሞ በፎር ስትሮክ ሆንዳ በአሜሪካ የሜዳ ሻምፒዮና በሁለቱም ዓመታት 24ቱንም ሩጫዎች አሸንፏል። ይሁን እንጂ እንደ እርሱ ያለ ነጂ በትውልድ አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ ደንብ የሚጻፈውም ለቀሪዎቻችን ነው።

ዛሬ በዓለም ሻምፒዮና ሁለት ዋና ምድቦች አሉ። እስከ 450 ሲሲ ፎር ስትሮክ የሚወዳደረው ኤምኤክስጂፒ ይባላል፤ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ኤምኤክስ 1 ነበር። ሁለተኛው ኤምኤክስ 2 ለባለ 250 ፎር ስትሮክና ለወጣቶች የተመደበ ሲሆን የዕድሜ ጣሪያ አለው፤ ኤምኤክስ 3 የተባለው ምድብ ከ2013 በኋላ ቀርቷል። ሴቶች የራሳቸው የዓለም ሻምፒዮና ያላቸው ሲሆን፣ ጣሊያናዊቷ ኪያራ ፎንታኔዚ ስድስት ጊዜ አሸንፋበታለች። ቱ ስትሮክ አሁንም በክብር የሚኖረው በወጣቶቹ የአውሮፓ 125 ሻምፒዮናና በታዳጊዎቹ 65 እና 85 ምድቦች ነው። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሆነው ትምህርት የቻይናውን 200 ፎር ስትሮክ ከ175 ቱ ስትሮክ ጋር በሲሲ ብቻ ማመዛዘን እንደማይቻል ነው።

መልስ 2፦ «የሰባራ ባቡር መካኒክ»

ልጄ፣ እኔ በሰባራ ባቡር አካባቢ ሠላሳ አራት ዓመት ሞተር የጠገንኩ ሰው ነኝ፤ አጎትህ የነዱትን የመሰለ ዲቲ በእጄ ስንት እንዳለፈ ቁጥሩን አላስታውሰውም። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድም ስለ ዘመኑ በሚገባ አስረድተዋል። ስለ ድሮዎቹ ደግሞ እኔ ልጨምር።

በውጭ አገር የድሮ ሞተሮች ምድብ በዓመት የሚሠመር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚሠመረው ሞተሩ እንዴት እንደተሠራ በማየት ነው። ዓመቱ የአሠራሩ ምልክት ብቻ ነው። እንግሊዞች ከ1965 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን ለብቻ የሚመድቡት ያ ዓመት ከባዶቹ ፎር ስትሮኮች የነገሡበት የመጨረሻው ዘመን ስለሆነ ነው። ጄፍ ስሚዝ በ1964 እና በ1965 የ500 ሲሲን የዓለም ሻምፒዮና በቢኤስኤ አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከ1966 እስከ 1968 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ፓውል ፍሪድሪክስ በቼኮዝሎቫኪያው ሲዜድ ቱ ስትሮክ አሸናፊ ሆነ። ሁለቱን ዘመናት በአንድ መስመር ብታሰልፋቸው ቢኤስኤው ገና በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ኋላ ይቀራል።

ሁለተኛው ድንበር የሚሠመረው በሞላ ነው። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ የድሮ ሞተሮችን ውድድር የሚመራው አህርማ የተባለው ማኅበር ዋናውን የድሮ ምድብ እስከ 1974 ባሉት ሞተሮች ወስኖ፣ የፊት ፎርኬላው ከ7 ኢንች፣ የኋላው ጎማ ደግሞ ከ4 ኢንች በላይ እንዳይወርድ ደነገገ። ይህን ቁጥር ያለ ምክንያት አላወጡትም። በ1973 ስዊድናዊው ሆካን አንደርሾን ቤልጂማዊው መሐንዲስ ሉሲያን ቲልከንስ የፈለሰፈውን ባለ አንድ ሾክ አብዞርበር ያማሃ ይዞ የ250 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ሾክ አብዞርበሮቻቸውን ወደፊት እያዘነበሉ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የጎማውን እንቅስቃሴ በእጥፍ አሳደጉት። ዘመናዊ የሞቶክሮስ ሞተር ዛሬ ከፊትም ከኋላም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። አንተን በአየር ላይ አልፎ የደረበህ ሞተር ያለፈህ በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ከጉብታው ሲወርድ መሬቱን የሚቀበልበት ሞላ ስላለው ነው። አንተ ያንኑ ብትሞክር ወይ ሻንሲው ወይ ወገብህ ይሰበራል።

ሦስተኛው ድንበር ኢቮ የሚባለው ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም በሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይመለሳል። ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው? ፍሬኖቹ ሁለቱም የታምቡር ናቸው? የኋላው ሾክ አብዞርበር ያለ ሊንኬጅ (በመካከል የሚገባ አገናኝ ክንድ) በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ነው? ሦስቱም መልሶች «አዎ» ከሆኑ ሞተሩ ኢቮ ነው። ሱዙኪ በ1981 ፉል ፍሎተር ያለውን ባለ ሊንኬጅ አሠራር ሲያመጣ፣ በዚያው ሰሞን የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ትንሽ ቆይቶም ዲስክ ፍሬን ሲገባ አንድ ዘመን ተዘጋ። ይህ ደንብ የሚመዝነውም ያንን የተዘጋ ዘመን ነው።

አሁን ወደ አንተ ዲቲ እንምጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዲቲ 175 በሁለት መልክ ነው የተሠራው፤ የቀደመው ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አብዞርበር አለው፤ የኋለኛው ከሰርባቶው በታች የተጋደመ አንድ ሾክ አብዞርበር ነው ያለው። የአንተ ሁለተኛው ከሆነ «አንድ ሾክ ያለው ዘመናዊ ነው» የሚል ይኖራል፤ ስሕተት ነው። ያ ሾክ አብዞርበር ሊንኬጅ የለውም፤ ስለዚህ ከባለ ሁለት ሾኮቹ ምድብ ይወጣል እንጂ ከኢቮ አይወጣም። ደግሞም ዲቲ ከጅምሩ መብራትና ፍሬቻ ያለው የገጠር መንገድ ሞተር እንጂ የሞቶክሮስ ሞተር እንዳልነበረ አትርሳ፤ ከ1990ዎቹ ሞቶክሮስ ጋር አሰልፎ ሁለቱንም «የድሮ» ማለት ሁለቱንም ያለ ቦታቸው ማስቀመጥ ነው።

የውጭዎቹ አካሄድ ሁሉ መልካም ነው አልልም። በየዓመቱ አዲስ «ድሮ» ይፈጠራል፤ የ1980ዎቹ ገባ፣ ቀጥሎ የ1990ዎቹ፤ በዚያ ላይ ምድቡ በነጂው ዕድሜ፣ አርባ፣ አምሳ፣ ስድሳ እየተባለ ይሸነሸናል። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ሲወዳደሩ ውለው በአንዱ ምድብ ሦስት ሰው፣ በሌላው ሁለት ሰው ተሰልፎ ሁሉም ዋንጫ ይዞ ይገባል። ሁለት ሰው የተሰለፈበት ውድድር ለእኔ ውድድር አይደለም። አሥራ አንድ ሆናችሁ ስድስት ምድብ እንዳትፈጥሩ አደራ እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከምድቡ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነች አየሩ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ሞተር ሁሉ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዘመናዊው ባለ ኢንጀክሽን ሞተር የአየሩን ሁኔታ በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ያመጣጥናል። የአንተ ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፤ ዋናው ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ለዝቅተኛ ቦታ እንደተገጠመ ከቆየ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ስለዚህ ያለ ማስተካከያ ብትወዳደሩ ልዩነቱ ከሲሲው በላይ ይሰፋል። አነስ ያለ ጄት ይገጠምለት፤ ወደ አዋሽ በረሃ የምትወርዱ ከሆነ ግን ሳትመልሰው እንዳትነዳ፤ ቤንዚን ያነሰው ቱ ስትሮክ ፒስቶኑ ይነክሳል።

መልስ 3፦ «ባለ 450ው»

በጥር ወሩ ውድድር ላይ ከኋላ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ማታ የተናገርኩትን እዚህም ለመድገም እወዳለሁ፤ ወንድሜን በዚያ ጉብታ ላይ በአየር ማለፍ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ። ከፊቴ ማን እንዳለ ከጉብታው ማዶ ሆኜ ማየት አልችልም ነበር።

ነገር ግን ስለ ምድቡ አንድ የሚያሳስበኝ ጉዳይ አለ። ዘመናዊዎቹ ሦስት ብቻ ነን። ለብቻችን ብንመደብ፣ ጋሼ መካኒኩ እንዳሉት ውድድር አይሆንም፤ በዚያ ላይ የእኔ 450 ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ ስላለው ከሁለቱ 250ዎች ጋር እንኳ እኩል አይደለም። አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ በሌላው ዓለም ነጂ ሲያንስ ሁለት ምድቦች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ወጥተው፣ አንደኛው መስመር ከተነሣ በኋላ ሁለተኛው ዘግይቶ ይነሣና ነጥቡ ለየብቻ ይያዛል። እኛም ዘመናዊዎቹ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብንነሣስ? ነጥቡንም እንደ ዓለም ሻምፒዮናው ለአንደኛ 25፣ ለሁለተኛ 22፣ ለሦስተኛ 20፣ ለአራተኛ 18፣ ለአምስተኛ 16፣ ከዚያ በኋላ በአንድ እየቀነስን በሁለት ሩጫ ብንደምር ውጤቱ ግልጽ ይሆናል።

መልስ 4፦ «የሰባራ ባቡር መካኒክ»

ነጥቡን እቀበላለሁ። አብሮ መነሣቱን ግን በጉብታ ላይ በፍጹም አልቀበልም፤ አንድ ደቂቃ ብትዘገይም በአራተኛው ዙር ያው ትደርብበታለህ። የምትፈልጉት አብሮ ሜዳ ላይ መገኘትን ከሆነ ሜዳውን ለውጡት። የድሮዎቹ ሞተሮች የተሠሩት ለተፈጥሮ መሬት ነው፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጥምዝ፣ ጭቃ። ትልቁን ጉብታ በገመድ ዝጉና ሁላችሁም በጎኑ ዙሩ፤ ጉብታውን ለዘመናዊዎቹ ለብቻቸው በሚሮጡበት ሩጫ ክፈቱላቸው።

መልስ 5፦ «የአሥር ዓመት ልጅ አባት»

ስለ አዋቂዎቹ ምድብ የምለው የለኝም፤ ስለ ልጆች ግን ማንም ስላላነሣ ነው የጻፍኩት። ኬንያና ኡጋንዳ ስፖርቱ የጸናው አባቶቹ ባለ 450 ስለገዙ ሳይሆን ልጆቹ ከአራትና ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ በባለ 50 ሲሲ፣ ቀጥሎ በ65፣ ቀጥሎ በ85 ስለሚያድጉ ነው። ያማሃ ፒደብልዩ 50 ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ እየተሠራ ነው፤ ስለዚህ የድሮውም የዘመኑም ሊባል የሚችል ሞተር ቢኖር እርሱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን ከከለከለች በኋላ ደግሞ ለልጄ የማስበው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስፔን ውስጥ የሚሠራው ስታርክ ቫርግ 80 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉልበቱንም በስልክ መቀነስ ይቻላል። ሲሲ የሌለው ሞተር ሲመጣ በሲሲ የተጻፈ ደንብ ምን እንደሚመልስ ከአሁኑ ብታስቡበት መልካም ይመስለኛል።

የጠያቂው መልስ፦ «ዲቲ 175 ከአራት ኪሎ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሰርባቶውን አንሥቼ አየሁ፤ ሾክ አብዞርበሩ አንድ ነው፣ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ተያይዟል፣ ሊንኬጅ የለውም። ፍሬኖቹ ሁለቱም የታምቡር ናቸው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። የሌሎቹን አምስት የድሮ ሞተሮች ባለቤቶችም ጠየቅሁ፤ አራቱ ሦስቱንም ጥያቄ «አዎ» ብለው መለሱ። አምስተኛው ሆንዳ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ባለቤቱ ግን ታምቡሩ ተሰብሮበት ከሌላ ሞተር ላይ አውጥቶ ያስገጠመው እንደሆነ ነገረኝ።

ባለ 450ውን እንዳልተቀየምኩት እዚሁ ልንገረው። ሐሳባችንም ሁለት ምድብ ብቻ እንዲሆን ነው፤ በሦስቱ ጥያቄዎች ያለፉት በአንዱ፣ የቀሩት በሌላው። የቻይናዎቹ 200ዎች ዲስክ ፍሬን ስላላቸው በዚህ ደንብ ወደ ዘመናዊዎቹ ሊሄዱ ነው፤ ይህ ለእነርሱ ከባድ እንደሆነ ይሰማኛል። ጋሼ፣ ስለ እነርሱና ስለ ሆንዳው ምን ይላሉ?

መልስ 6፦ «የሰባራ ባቡር መካኒክ»

ሆንዳውን አስገቡት። ደንቡ የሚጠይቀው ሞተሩ ከፋብሪካ እንዴት እንደወጣ ነው፤ ታምቡር ጠፍቶ የተገጠመ ዲስክ ለማሸነፍ የተደረገ ማሻሻያ አይደለም። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት ታምቡር ፈልጎ እንዲመልስ በደንቡ ላይ ጻፉበት፤ አለበለዚያ ነገ ሌላው ዘመናዊ ፎርኬላ ገጥሞ «ተሰብሮብኝ ነው» ይላችኋል። በውጭ አገር የድሮውን ምድብ ያበላሸው አንዱ ይኸው ነው።

ቻይናዎቹን ከእናንተ ጋር አድርጉ። ዲስካቸው አያስፈራም፤ ሞላቸው አጭር ነው፣ ክብደታቸው ከባድ ነው፣ ጉልበታቸውም ከአንተ ዲቲ ብዙ አይርቅም። በደንቡ ላይ «የኋላው ጎማ ከ18 ሳንቲ ሜትር በላይ የማይወርድ» ብላችሁ አራተኛ ጥያቄ ጨምሩና፣ ይህን ያለፈ ሞተር የመጀመሪያውን ጥያቄ (በአየር መቀዝቀዙን) ካለፈ ይግባ። ልኩን ለማወቅ ሞተሩን በሣጥን ላይ አቁሙት፤ የኋላው ጎማ በነጻ ሲንጠለጠል ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ለኩ፤ ቀጥሎ ሞላውን ፈትታችሁ ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉና እንደገና ለኩ፤ ልዩነቱ መልሱ ነው። ሞላ መፍቻው እኔ ጋ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋራዡን እከፍታለሁ፤ ስምንቱንም ሞተሮች ይዛችሁ ኑ፤ ያንተን ጄትም በዚያው እንለውጠዋለን።